ድረ ገጹ ለማን ነው?



እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ጄኔቫ አጠገብ ያለው የምርምር ተቋም ሰርን፣ ቲም በርነርስ-ሊ እዚያው እየሠራ የፈጠረውን ድር ማንም ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለቀቀው። የድረ ገጽ ሠሪ ነጻነት የሚቀዳው ከዚህ ውሳኔ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ የሚከፍት ሰው ፈቃድ ይጠይቃል። ገጽ የሚሠራ ሰው ግን አንባቢውን ራሱ ይመርጣል፤ ሃምሳ ሰውም ይሁን ሃምሳ ሚሊዮን።

ለምሳሌ በ1995 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለወዳጆች በሚላክ ኢሜይል የተጀመረው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ክሬግስሊስት ለዓመታት ያለ ጌጥ ቆይቷል። የመጀመሪያ ገጹ የሰማያዊ ሊንኮች ዝርዝር ነው። የተሠራው የሚከራይ ቤት ወይም ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ነውና ይበቃዋል።

የአማርኛ ገጽ ሠሪዎች ታሪክ ግን ከዚህም በላይ ሊነገር ይገባዋል። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ደረጃ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ኮምፒውተሮች እስኪለምዱት ድረስ፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈው ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ አንዳንዶቹ ጽሑፉን እንደ ሥዕል ለጠፉት፤ ሌሎቹ አንባቢው አስቀድሞ ፎንቱን እንዲያወርድ ጠየቁ። በእንግሊዝኛ ቢጽፉ ሥራው ይቀልላቸው፣ አንባቢውም ይበዛላቸው ነበር። እነሱ ግን የአማርኛ አንባቢን መረጡ፤ ደግ አደረጉ!

አንባቢን መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ የመጣን ሰው በር ላይ ማስቀረት ሌላ። የ2000ው የሲድኒ ኦሊምፒክ ድረ ገጽ ብዙ ሥዕሎች የጽሑፍ መግለጫ አልነበራቸውም። ዓይነ ስውሩ ብሩስ ማጓየር የሚያነበው በብሬል መሣሪያ ስለነበር፣ መሣሪያው እንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ሲደርስ ጣቱ የሚዳስሰው ቃል ያጣ ነበር። አቤቱታ አቀረበ። አዘጋጆቹ ማስተካከያው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል ብለው ተከራከሩ። የአውስትራሊያ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ክርክሩን አልተቀበለም፤ በመጨረሻም 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ እንዲከፍሉ ወሰነ። ተገቢ ውሳኔ ነበር።

የግጥም ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ግጥም የማይወደውን ሁሉ ለመሳብ የመድከም ግዴታ የለበትም። ግጥም የሚወደው ዓይነ ስውር ግን እሱ ራሱ ከመረጣቸው አንባቢዎች አንዱ ነው። ለዚያ አንባቢ ሲባል በእያንዳንዱ ሥዕል ኮድ ውስጥ ሁለት መስመር መግለጫ መጻፍ የገጹን መልክ አይለውጥም።

ድረ ገጽ መሥራት ተምረው ዛሬ የሚመረቁ ወጣቶች ነገ የሚያገኙት የመጀመሪያ ደንበኛ «ለሁሉም የሚሆን ገጽ ሥሩልኝ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ኮዱን ከመጀመራቸው በፊት ሰውየውን አስቀምጠው ይጠይቁት፤ አንባቢው ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ ያነባል? ስልኩ ምን ዓይነት ነው? ኔትወርኩ ሲደክም ገጹ ይከፈትለታል?