የአምቦ ውሃና በየጥያቄው የሚቀርበው ቪዲዮ



የአምቦ ውሃ በጠርሙስ የሚታሸገው በሰንቀሌ ነው። ይሁን እንጂ በጊንጪ ወይም በጌዶ ከተማ የጠማው ሰው ሰንቀሌ ድረስ አይሄድም፤ ባለሱቁ በሣጥን አስመጥቶ ካስቀመጠው ይገዛል። በኢንተርኔት አማካይነት ለየጠያቂው የሚቀርበው ቪዲዮም አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተዘረጋው የሳተላይት ትምህርት፣ ማለትም ተማሪው «ፕላዝማ» ብሎ በሚያውቀው፣ አንድ ሞገድ ለሁሉም ክፍል እኩል ይዳረስ ነበር። ተቀባዩ ሺህም ይሁን አሥር ሺህ የማሠራጫው ሸክም አይጨምርም። ነገር ግን የመስኮቱ መምህር ማንንም አይጠብቅም፤ መብራት የጠፋበት ክፍል ትምህርቱ አመለጠው ማለት ነው።

በየጥያቄው የሚቀርበውን ቪዲዮ ተማሪው ሲሻ ያቆመዋል፣ ሲሻም ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ዋጋው ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለየ ቅጂ መላኩ ነው። ቪዲዮው የጥቂት ሴኮንድ ርዝመት ባላቸው ቁራጮች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱም በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። መስመሩ ሲጠብብ ስልኩ ጥራቱ ዝቅ ያለውን ቁራጭ ይጠይቃል፤ ያም ሲዘገይ ምስሉ ቆሞ ክቧ ምልክት ብቻ ትሽከረከራለች። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ የአንድ ሰዓት ትምህርት 450 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። 40 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢከፍቱት የትምህርት ቤቱ መስመር በሴኮንድ 40 ሜጋቢት ሊሸከም ይገባዋል፤ ያውም ለዚያው ለአንድ ትምህርት! ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ የራሳቸውን ማከማቻ ሰርቨሮች የሚያኖሩት ይህን ድግግሞሽ ለማስቀረት ነው። በየከተማው ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የሚጭኑት ሱቆችም ዘዴውን ገና ድሮ ደርሰውበታል፤ የባለመብቱን ፈቃድ አለመጠየቃቸው ነው እንጂ ጉዱ።

ማከማቻውን ማቅረብ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሰኔ 22 ቀን ምሽት የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለሳምንታት ቆየ። ቀብሩ በአምቦ ሲፈጸም የከተማው ሕዝብ የገዛ ልጁን ዘፈን ከዩቲዩብ ሊከፍት አይችልም ነበር፤ በስልኩ ያደመጠው አስቀድሞ በሜሞሪ ካርድ ያኖረ ሰው ነው። ቤቱ የዋለው ተማሪ ትምህርትም ዕጣው ይኸው ነበር።

እንግዲህ የመጨረሻው ሱቅ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ሊከፈት ይገባል። አንድ መለስተኛ ሰርቨርና የግቢውን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የሚያገናኝ ገመድ አልባ መረብ ካሉ፣ ያ 450 ሜጋባይት ከውጭ የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአርባውም ተማሪ የሚቀዳው ከግቢው ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲለወጥ አሮጌውን ቅጂ ማንሣት፣ የባለመብቱን ፈቃድ መያዝ፣ ለመብራት መቋረጥ ባትሪ ማሰናዳት የቤተ መጻሕፍቱና የኮምፒዩተር ክፍሉ ባለሙያ ሥራ ይሆናል። በጉደር ወይም በባኮ ሰኞ ጧት ለሚሰጠው የፊዚክስ ትምህርት ቅጂው መውረድ ያለበት ዓርብ ሌሊት፣ መስመሩ ጭር ባለበት ሰዓት ነው።