ሰባተኛ ክፍል ላይ የሚዘጋ አፍ

የዛሬዎቹ የኮሌጁ ተመራቂዎች፣ ወላጆችም፣ የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነው፤ የምነግራችሁ ጉዳይ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነው።

አብዛኞቻችሁ 7ኛና 8ኛ ክፍል ልታስተምሩ እንደምትሄዱ ሲነገረኝ ነው የምረቃችሁን ግብዣ በደስታ የተቀበልኩት። እኔም የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በእነዚሁ ሁለት ክፍሎች፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሳይንስ በማስተማር ነው። "ለምን ወደ ሁለተኛ ደረጃ አትዛወሪም?" የሚሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። ለእነሱ እድገት ማለት ወደ 9ኛና 10ኛ መውጣት ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ፣ የአገራችን ትምህርት የሚለማውም የሚበላሸውም በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው ብዬ አምናለሁ።

በንጉሡ ዘመን እነዚህ ክፍሎች የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለውን በሙሉ አንደኛ ደረጃ አደረገውና ስማቸው ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት 6፣ 2፣ 4 የሚለውን አከፋፈል መልሶ አምጥቶ "መካከለኛ ደረጃ" አላቸው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአጠቃላይ ሳይንስ ተጠቃለዋል። የክወናና የእይታ ጥበባት፣ የሙያና የቴክኒክ ትምህርት፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ገብተዋል። ደግ ነው፤ እደግፈዋለሁ። የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ እጁ መሥራት፣ አፉ መናገር የሚፈልግበት ዕድሜ ላይ ነውና።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጁ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ የተማረው በአማርኛ ነው። ክረምቱን እናቱ ቤት ሲላላክ ከርሞ መስከረም ላይ 7ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይጠብቁታል። ኦሮሚያ ላይ በአፋን ኦሮሞ እስከ 8ኛ ይዘልቅና ለውጡ የሚመጣው 9ኛ ላይ ነው። የትም ይሁን የት፣ ያ መስከረም ሲመጣ ዓምና እጁን ሲያወጣ የነበረው ልጅ ዝም ይላል። አስተማሪው ደግሞ ዝምታውን እንደ ሥነ ሥርዓት ይቆጥረዋል፤ "ጎበዝ ክፍል ነው፣ አይረብሹም" ይላል። ተመራቂዎች፣ የማይረብሽ 7ኛ ክፍል ካጋጠማችሁ ደንግጡ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። አገር ተደናገጠ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተናው ክብደት፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ተወራ። እኔ ቁጥሩን ስሰማ የታዩኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አልነበሩም። የታዩኝ ያልገባቸውን ነገር አሳምረው የሚገለብጡ የ7ኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

ከእነዚህ ልጆች ስለ አንዷ ልንገራችሁ።

የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ደብተሯ መስታወት ይመስል ነበር ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ከክፍሉ ደብተር ሁሉ ንጹሑ የእሷ ነበር። ርዕሱ በቀይ እስክሪብቶ፣ ጽሑፉ በሰማያዊ፣ ኅዳጉ በማስመሪያ የተሰመረ። ከሰሌዳው ላይ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አይቀርባትም። አንድ ቀን ደብተር ሳርም ስለ ትነት የጻፈችውን ገጽ ገልጬ "ይሄ ዓረፍተ ነገር ምን ይላል?" አልኳት። ዝም። "ይቺ ቃልስ?" ዝም። አንገቷን ደፋች፤ ከጎኗ ያሉት ሳቁ።

ልጆቹን ዝም አሰኘሁና በአማርኛ ጠየቅኋት። "እናትሽ ምን ትሠራለች?" "ጉልት ትሸጣለች።" "ምን?" "ጎመን።" "ፀሐይ ሲበረታ ጎመኑ ምን ይሆናል?" አሁን ቀና አለች። "ይጠወልጋል። ውሃው ይሄድበታል። ለዚህ እኮ ነው ውሃ የምትረጭበት። እርጥብ ጆንያም ታለብሰዋለች።" "ጆንያው ምን ያደርግለታል?" ትንሽ አሰበች። "ጆንያው እስኪደርቅ ድረስ ከሥሩ ያለው ጎመን ሲነካ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ሲሄድ ሙቀቱን ይዞት ነው መሰለኝ የሚሄደው።"

ተመራቂዎች፣ መጽሐፉ በሚቀጥለው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ የሚለው ይህንኑ ነው። ገና ያልተማረችውን እናቷ መደብ ላይ ቁጭ ብላ ደርሳበታለች። ደብተሯ ላይ ግን ይህ ሁሉ እውቀቷ አንድም ቦታ የለም።

ይህ እውቀት የሚሰማበት ቦታ ግን ነበር፤ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ። አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ሰንደቅ ዓላማው ጎን ምሰሶ ላይ የታሰረ ሆርን፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክ። ልጅቷን "ረቡዕ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ይህንን ለትምህርት ቤቱ ትነግሪያለሽ" አልኳት። እምቢ አለች፤ ለመንኳት፤ ሌላ ልጅ አብሯት እንዲቆም ተስማማን። የመጀመሪያው ቀን ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሆርኑ አጉልቶ ያሰማው ነበር። ቢሆንም ጨረሰችው። ሰልፍ ላይ ያሉት ልጆች ጎመን የሚለውን ሲሰሙ ሳቁ፤ ጆንያው ላይ ስትደርስ ግን ዝም ብለው አዳመጡ።

በማግስቱ እናትየዋ መጣች። ነጠላዋን እንዳጣፋች በር ላይ ቆማ "ቲቸር፣ እኔ ጎመን ስለምሸጥ ነው ልጄ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት የምትዋረደው?" አለችኝ። ተቆጥታ ነበር፤ ቁጣዋም ተገቢ ነበር። "እህቴ፣ ልጅሽ ያስተማረችን አንቺ ያስተማርሻትን ነው" ብዬ አስቀምጬ ከልጅቷ የተሰማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አዳምጣ ስታበቃ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ታዲያ እንዲህ ከሆነ ተሳስታለች። ጎመን ላይ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይረጭም፤ ይበሰብሳል። የሚረጨው ጠዋት ነው። ቀን ቀን ጆንያው ነው የሚረጠበው።"

በሚቀጥለው ረቡዕ ልጅቷ ማይኩን ያዘችና "ባለፈው ሳምንት ከተናገርኩት ውስጥ እናቴ ያረመችኝ አለ" ብላ ጀመረች። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የረቡዑ ሰዓት የእሷ ሆነ። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ በአማርኛ ከተናገረችው መሐል ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ትደግም ነበር፤ ራሷ መርጣ፣ ራሷ ጽፋ። ከክፍል አንደኛ አልወጣችም። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተናን ግን አለፈች፤ ክፍል ውስጥም እጇን ታወጣ ነበር። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ሚኒ ሚዲያን ከሌሎቹ ክበቦች ለይቼ የምወደው ለዚህ ነው። ቀይ መስቀሉም፣ የአካባቢ ጥበቃውም፣ ሥነ ጽሑፉም፣ የተማሪዎች ፓርላማውም መልካም ናቸው። ዝም ያለ ልጅ ግን እነዚህ ሁሉ ውስጥ ተመዝግቦ ዝም እንዳለ ሊመረቅ ይችላል። ማይክ የያዘ ልጅ ያን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ አጥብቄ የምለምናችሁ፣ አንዳንዱንም በቁጣ የምላችሁ አለ።

ማይኩን ለደረጃ ተማሪዎች ብቻ አትስጡ። ከ1 እስከ 3 የሚወጡት ድሮም ይናገራሉ። የምትፈልጉት መስኮት ሥር የተቀመጠችውን ነው። ጽሑፉን እናንተ አትጻፉላቸው፤ በአስተማሪ ቃላት የተሞላ ወረቀት ሲያነብ ልጁ እንደ ገና ወደ መገልበጥ ይመለሳል። ሚኒ ሚዲያውን ክፍያ ያልከፈለ፣ ዩኒፎርም ያልለበሰ የሚጠራበት መሣሪያ አታድርጉት። አንድ የማውቀው ርዕሰ መምህር ሚያዝያ በገባ ቁጥር "8ኛ ክፍሎች ለሚኒስትሪ ይዘጋጁ" ብሎ የሚኒ ሚዲያውን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ይዞት ይሄድ ነበር። እናንተ እንዲህ አትሁኑ። ጉዳዩ ለፈተና ማዘጋጀት ከሆነ፣ ያጠኑትን ለሌላው ማስረዳትን የመሰለ ዝግጅት ከየት ይገኛል?

በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባ ያየን፣ የማይሰማ አስተማሪ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በጥሩ እንግሊዝኛ ያስረዳ፣ ይጠይቅ፣ ለመልስ የተፈቀደችው ጊዜ ስታልቅ ይቀጥል ነበር። ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳልገባው አያይም ነበር። ዛሬ ታብሌቱም ስልኩም እየመጣ ነው፤ ይምጣ። ልጁ ለሚናገረው ጆሮ የሚሰጥ ሰው ግን ከእናንተ በቀር የለውም።

ሌሎች ጉዳዮችን በአጭሩ ልበል። የ7ኛ ክፍል ሴት ልጅ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከቀረች፣ ስም ጠሪው ላይ "ቀሪ" ብላችሁ አትለፉ። የሴቶች መጸዳጃ በር ይዘጋል? ውሃ አለ? ንጽህና መጠበቂያ የሚያዝበት ክፍል አለ? ወንድ መምህራን ብትሆኑም ይህን ጠይቁ፤ አትፈሩ። ገጠር የምትመደቡ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ልጅ ከጥር በኋላ ካልተመለሰች ሰርግ ሊሆን እንደሚችል እወቁ። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ወላጅ መምህር ኅብረቱንም ቀበሌውንም ይዛችሁ ሂዱ። የክፍሉ መለኪያ 50 ተማሪ ነው ተብሎ እናንተ ግን 70 ልታገኙ ትችላላችሁ። 70ውን በአንድ ቀን ማናገር አይቻልም፤ በሳምንት ግን ይቻላል። ስም ዝርዝሩ ላይ የተናገረውን ምልክት አድርጉበት፣ አርብ ላይ ምልክት የሌለውን እዩ።

ወላጆች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ "ስንት አገኘህ?" ከማለታችሁ በፊት "ዛሬ ምን ጠየቅህ?" በሉት። መልስ ካጣ ነገም ጠይቁት።

ተመራቂዎች፣ መስከረም ላይ የምትመደቡበት ትምህርት ቤት ስትደርሱ የሚኒ ሚዲያው ክፍል ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ አጣሩ። አምፕሊፋየሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ሆርኑ ዝጎ ሊሆን ይችላል፣ ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የሬዲዮ ጠጋኝ የማይገኝበት ከተማ የለም፤ እስኪጠገን ድረስ ደግሞ ልጁ ደረጃው ላይ ቆሞ በራሱ ድምፅ ይናገር።