የጥንዚዛዋ ሐብል



ባለፈው ዓመት የጥንዚዛ ቅርጽ ያለው የአንገት ሐብል ስሸጥ «የግብፆች ነው፣ ዕድል ያመጣል» እል ነበር። አንዲት እናት ለታመመች ልጇ ገዛችኝ። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ «መቼ ነው የሚሠራው?» ስትለኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ገንዘቧን መልሼላት ልጅቷን ይዘን አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ስለምሸጠው ነገር መጠየቅ ጀመርኩ። የጥንት ግብፃውያን ጥንዚዛ እበት አድቦልቡላ ስትገፋ ያያሉ። ኬፕሪ የሚሉት አምላካቸውም ፀሐይን በሰማይ ላይ እንደዚያው ይገፋታል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ጥንዚዛን የዳግም ልደት ምልክት አደረጓት። ከድንጋይ ቀርጸው፣ ሆዷ ላይ ስም ጽፈው ለማኅተምም ተጠቀሙባት። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥም በጥንዚዛ ያጌጡ የደረት ጌጦች ነበሩ።

አሁን ለገዢ የምነግራት ይህንን ታሪክና የእጄን ሥራ ብቻ ነው፤ ሐብሉም ይሸጣል። እናንተም በምትሠሩት ጌጥ ላይ እውነተኛ ታሪኩን የያዘች ትንሽ ወረቀት እንድታያይዙ አደራ እላለሁ።