የተማሪ መንገድ ስንት ኪሎ ጢስ ያወጣል?



ልጃችሁ ተማሪ ቤት ደርሶ እስኪመለስ ድረስ በቀን ስንት ኪሎ ጢስ ወደ አየር እንደሚለቀቅ ብትጠየቁ ምን ትመልሱ ነበር? ጢስ በኪሎ መመዘኑ ያስቅ ይሆናል። ሒሳቡ ግን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ሊሠራው የሚችል ነው። ዛሬ የምንነጋገረውም ተማሪዎች ይህን ሒሳብ እንዴት እንደሚሠሩትና ካወቁት በኋላ ምን ሊያደርጉበት እንደሚችሉ ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር 2.3 ኪሎግራም ያህል ያወጣል፤ የናፍጣው ወደ 2.7 ኪሎግራም ይጠጋል። እዚህ ላይ ንቁ ተማሪ ወዲያው እጁን ያነሣል፤ «አንድ ሊትር ቤንዚን የሚመዝነው ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ነው፤ ታዲያ ከራሱ ሦስት እጥፍ የሚከብድ ጢስ ከወዴት ያመጣል?» ይላል። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱም ከአየሩ ነው። በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን በሚቃጠልበት ጊዜ ከምንተነፍሰው አየር ኦክስጅንን እየሳበ ከራሱ ጋር ያዋሕዳል። የካርቦን አቶም ክብደት 12፣ አብረውት የሚዋሐዱት የሁለቱ ኦክስጅኖች ክብደት 32 ስለሆነ፣ 12 ሆኖ የገባው ካርቦን 44 ሆኖ ይወጣል። አስተማሪው ይህን በሰሌዳ ላይ ቢያሳይ የኬሚስትሪና የሒሳብ ትምህርት ባንድ ሰዓት ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በደብተሩ ይጻፍ፤ በምን እንደ ሄደ፣ ስንት ኪሎሜትር እንደ ሄደ፣ አብሮት ስንት ሰው እንደ ተሳፈረ፣ ደግሞም መኪናው እርሱን ካደረሰ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሒሳቡን እጥፍ የሚያደርገው ግን እርሱ ነው።

ቤቱ ከተማሪ ቤቱ 6 ኪሎሜትር የሚርቅ ልጅ በአውቶሞቢል ይመላለሳል እንበል፤ መኪናዋም ለ100 ኪሎሜትር 10 ሊትር ቤንዚን ትፈጃለች። ሾፌሩ ጧት አድርሶት ባዶውን ይመለሳል፤ ማታም ባዶውን ሄዶ ይዞት ይመጣል። ልጁ የተጓዘው 12 ኪሎሜትር ሲሆን መኪናዋ የሄደችው 24 ነው። ይህም 2.4 ሊትር ቤንዚን፣ በጢስ ሲቈጠር 5.5 ኪሎግራም ያህል ነው። በዓመት 200 ቀን ቢማር 11 ኩንታል ይሆናል፤ አንድ ደብተርና አንድ ምሳ ዕቃ የያዘ ልጅ ለማመላለስ! (ሾፌሩ በበሩ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ሬድዮ እያዳመጠ የሚጠብቅበትን ጊዜ አልቈጠርነውም።)

ያው ልጅ 12 ሰው በጫነ ሚኒባስ ታክሲ ቢሄድስ? ሚኒባሱ ለ100 ኪሎሜትር 12 ሊትር ቤንዚን ቢፈጅ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ሊትር ነው። የልጁ የደርሶ መልስ ድርሻ ከ0.3 ኪሎግራም አይበልጥም፤ ከአውቶሞቢሉ 20 ጊዜ ያንሳል። ታክሲው በግማሽ ባዶ ከሄደ ድርሻው እጥፍ ስለሚሆን ተሳፋሪ መቍጠር ግድ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግን የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ የአገራችንም ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ በመሆኑ ሐዲዱ ለሚቀርበው ተማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በጢስ ረገድ ይመሰገናሉ፤ መንገድ በማጣበብ ግን ከቀድሞዎቹ አይለዩም።

«የኢትዮጵያዊ ድርሻ ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት አይደለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እጅግ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከዚያው ከጢስ ማውጫ ጥላሸትም አብሮ ይወጣል፤ ይህን የሚተነፍሰው ደግሞ በመንገድ ዳር በእግሩ የሚሄደው ልጅ ነው። አንዱ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ የሚያወጣውን ሌላው በሳንባው ይቀበላል። እኔ ከኩንታሉ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሦስት ጎረቤት ልጆች በአንድ መኪና ቢሄዱ 11 ኩንታሉ ለሦስት ይካፈላል። አባት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ በመንገዱ ቢያደርሰው የባዶው ምልልስ ይቀራል። ከፍ ያለው ልጅ የመጨረሻውን አንድ ኪሎሜትር ወርዶ በእግሩ ቢሄድ በተማሪ ቤቱ በር ላይ ያለው ግፊያ ይቀንሳል። ይህ ግን ከልጁ ይልቅ የእኛ ሥራ ነው፤ የእግረኛ መንገድ በተበላሸበትና ማቋረጫ በሌለበት ስፍራ ሕፃንን «በእግርህ ሂድ» ማለት አይገባም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች በዋና ዋና ጎዳናዎች ነገሩን አቅልለውታል፤ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ገና ብዙ ይቀረዋል።

አስተማሪዎችን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ደብተሩ ልጆች የሚወቀሱበት መዝገብ እንዳይሆን። አያት የሚኖር ልጅ አራት ኪሎ የሚማረው ቤቱን መርጦ አይደለም። ስለዚህ የክፍሉ ድምር ለተማሪዎቹ ብዛት ተካፍሎ መካከለኛው ብቻ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ከወር በኋላም ሁለተኛ ተለክቶ ከፊተኛው ጋር ይተያይ። በእግሩ የሚመጣውም ልጅ 0 ብሎ ይጻፍ እንጂ መስመሩን ባዶ አይተው፤ እርሱ ካልተቈጠረ የክፍሉ መካከለኛ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያልና።