ቅዳሴው ሲፈጸም ሰማዩ ሲጠቁር
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በደጋው አገራችን የክረምት ነጎድጓድ የሚበረታው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ፀሐይ ምድሩን ታሞቃለች፤ እርጥበት የተሸከመው አየር ሽቅብ ይወጣና ደመናው ይከማቻል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን በሚጾመው በጾመ ፍልሰታ ደግሞ በብዙ አጥቢያዎች ቅዳሴ የሚፈጸመው በ8 ወይም በ9 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ሕፃናቱም አረጋውያኑም ወደ ግቢው የሚወጡት ዝናቡ ሊጥል ሲል ነው። ወጥተውም ከጥዱ ሥር ይጠለላሉ።

መብረቅ ብዙ ጊዜ የሚመታው በአካባቢው ከፍ ብሎ የቆመውን ነው። አብያተ ክርስቲያናችን በአመዛኙ በኮረብታ ላይ ናቸው፤ ዛፎቻቸውም ዘመን ያስቆጠሩ ረጃጅም ናቸው። ዛፍ ሲመታ ኃይሉ በግንዱ ብቻ ወርዶ አይቀርም፤ አጠገቡ ወደ ቆመው ሰው ይዘላል፣ በመሬቱም ላይ ይሰራጫል። ከአንድ ዛፍ ሥር የተጠለለ መንጋ በአንድ ምት የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ደወልም እንዲሁ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የደወል ድምፅ መብረቅን ያርቃል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ብዙ ደዋዮች የደወሉን ገመድ እንደ ያዙ ሞተዋል። በእኛ ዘመን ከዚህ ላይ የድምፅ ማጉያው ተጨምሯል። ነጎድጓድ ሲቀርብ ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፤ ማይክሮፎኑን የሚይዙት አባት ናቸውና።

ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ መቁጠር ነው፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ማንም በግቢው አይቁም፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል። ነገር ግን ወዴት ይግቡ? ቤተ መቅደሱ ሁሉን አይችልም፤ በሥርዓት ምክንያት ወደ ውስጥ የማይገቡም አሉ። ድንኳንና ዳስ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥሉም። ያለን የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው፤ እርሱም እንደምታውቁት ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ይገኛል። በገባንበትም ቤት ከግድግዳው፣ ከብረት በሩና ከመስኮቱ ራቅ ማለት ያስፈልጋል።

አዲስ ሕንፃ ለምታሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በጉልላቱ ላይ የቆመው ብረት በወፍራም የመዳብ ሽቦ ወርዶ በመሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር በባለሙያ ይያያዝ፤ ይለካም። ሽቦው እስከ መሬት ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ከቀረ ኃይሉን ወደ ሕንፃው ይመራዋል። ለቀለሙ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ደስ ይለኛል።

በመብረቅ የሞተ ሰው ቤተሰብ ከሐዘኑ በላይ ሐሜት ይሸከማል፤ «ምን በድሎ ይሆን?» ይባላል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። ይህን በለቅሶው ቤት መናገር የካህናት ድርሻ ነው።

ይህ ፍርሃት ነፍስም ያስጠፋል፤ ሰዎች የተመታውን ለመንካት ይሸሻሉና። በተመታ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ የሚነካውን አይጎዳም። ትንፋሹ ቢቆምም ወዲያው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየተጫኑ ትንፋሽ ቢሰጡት ሊድን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠርታችሁ ለዲያቆናቱና ለወጣቶቹ እንድታሳያቸው ጠይቁ፤ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከሐምሌ መጨረሻ በፊትም የአዳራሹ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ሰማዩንም አይቶ ሕዝቡን «ቆዩ» የሚለው ማን እንደ ሆነ ወስናችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩልን።