መረብ ከመስጠታችን በፊት

(ለደጋፊ ጉባኤያት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከየጉባኤው ለድርጅታችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች መካከል፣ «ለሐይቅ ዳር ወጣቶች መረብና ጀልባ እንግዛላቸው» ወይም «ለገበሬዎቹ የዓሣ ኩሬ እናስቆፍርላቸው» የሚሉ አይጠፉም። አሳቡ የፍቅር አሳብ ነው። ዓሣ የሕፃንን አካል የሚገነባ ምግብ ነው፤ መሬት የሌለው ወጣትም በመረቡ ቤተሰቡን ሊያስተዳድር ይችላል። ይሁን እንጂ መባችሁ ለዚህ ሥራ ከመዋሉ በፊት አንድ ነገር አብረን እንድንመረምር እለምናችኋለሁ። መረብ መስጠት ቀላል ነው፤ ሐይቁ ለልጆቻቸውም ዓሣ እንዲሰጥ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ የዘነጋ ርዳታ፣ የመጀመሪያውንም ከንቱ ያደርገዋል።

በመጀመሪያ የዓለምን ሁኔታ ባጭሩ እንመልከት። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ በእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላው የውኃ እንስሳ 94.4 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ ከባሕር፣ ከሐይቅና ከወንዝ የተያዘው 91 ሚሊዮን ቶን ነበር። ሰው ያረባው በመረብ ከተያዘው ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከእርባታውም እጅግ የሚበዛው የሚገኘው በእስያ ነው፤ በአፍሪካ ግብፅና ናይጄሪያ ይቀድማሉ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ከሚጠኑት የባሕር ዓሣ ክምችቶች መካከል በ2021 ከመጠን በላይ የተሠገሩት 37.7 በመቶ ደርሰው ነበር። እንግዲህ ጀልባው እየበረታ ዓሣው እየሳሳ የሄደው በእኛ አገር ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጣና እንምጣ፤ እንደ እኛ ላለ የርዳታ ሥራ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ነውና። በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚሠገረው በደንገል ታንኳ ነበር። ታንኳዋ ከዳር ብዙ አትርቅም፤ የምትይዘውም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሐይቁን ዓሣ ለማልማት አንድ ፕሮግራም ተጀመረ። በዚህም የእርሻ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተካፋዮች ሲሆኑ፣ ኡርክ ከተባለች የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የተነሣ የአብያተ ክርስቲያናት ርዳታም ነበረበት። ራሳቸው የባሕር ሰዎች ስለ ነበሩ፣ የሚያውቁትን ሙያ ለወንድሞቻቸው አካፈሉ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። በባሕር ዳር ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ሥራ እንጀራ በላ። በዚህ የንግድ ሥገራ በ1987 የተያዘው ዓሣ 39 ቶን ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1997 360 ቶን ደረሰ። ሥራው ተሳካ ያልን እንደ ሆነ አልዋሸንም።

ነገር ግን ከውኃው በታች የሆነውን ደግሞ እንስማ። በጣና ውስጥ በሌላው ዓለም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት፣ አሥጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን አለ። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። በክረምት፣ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በመሳሰሉት ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ ይወልዳሉ። ለመውለድ የሚደርሱትም ጥቂት ዓመታት ካደጉ በኋላ ነው። የሞተር ጀልባ ግን ታንኳ ከማትደርስበት የወንዝ አፍ ይደርሳል። ዓሣው ተሰብስቦ ሲገኝ፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ይያዛል። አሥጋሪው በዚያ ቀን ደስ ይለዋል፤ የያዘው ግን ለመውለድ የምትሄደውን እናት ነው። ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ባደረጉት ንጽጽር፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ። የጫጩቶቹም ቁጥር እጅግ ወርዶ ነበር። በየወንዙም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃው ላይ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ አለ፤ ይህም ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይፈጃል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ በሐይቁ ላይ ተንሰራፋ፤ ይህም አረም ታንኳ ያግዳል፣ መረብም ያበላሻል።

ይህን የምናገረው የቀደሙትን ለመውቀስ አይደለም። የሰጡት መልካም ነበር። ከስጦታው ጋር አብሮ መሄድ የነበረበት ጥበቃ ግን ከጀልባው ፍጥነት ጋር እኩል አልተራመደም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሞተሩ በጣና ላይ ከተነሣ ከ16 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሕግ ከወጣ በኋላም ቢሆን በክረምት ሌሊት በወንዝ አፍ የሚቆም ጠባቂ ከሌለ ወረቀት ብቻውን መረብ አያነሣም። በጫሞ ትልቁ ናይል ፐርች እየተመናመነ፣ በሐዋሳና በዝዋይም ቆሮሶው ሳያድግ እየተያዘ የመጣው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ትልቁ ሲያልቅ አሥጋሪው የመረቡን ዓይን ያጠብባል፤ ዓይኑ ሲጠብ ያልወለደው ይያዛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዚያ የጠበበ ይፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም። ዛሬ ልጆቹ ስለ ራባቸው ነው፤ እርሱ ቢተወው ጎረቤቱ እንደሚይዘውም ያውቃል።

በዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ላገኘ ሰው የተሰጠ አንድ ትንሽ ሥርዓት አለ። ጫጩቶቹን ሊወስድ ተፈቅዶለታል፤ እናቲቱን ግን እንዲለቃት ታዝዟል። ለዚህም መልካም ሕይወትና ረጅም ዕድሜ ተስፋ ተሰጥቶታል። ትእዛዙ ሰውየውን አትብላ አላለውም፤ ነገ የምትበላውን ዛሬ አትግደል አለው። ስለ ዓሣ ከዚህ የሚሻል ደንብ አላውቅም።

«እንኪያስ ሐይቁን ትተን ኩሬ እንቆፍር» የሚል ይኖራል። ኩሬ መልካም ነገር ነው፤ ሒሳቡን ግን አስቀድመን እንሥራ። አሥር ሜትር በሃያ ሜትር የሆነ ኩሬ 200 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት የቆሮሶ ጫጩት ቢጨመር 400 ይሆናል። ከእነርሱ 300 ቢድኑና እያንዳንዱ 200 ግራም ቢደርስ፣ የሚገኘው 60 ኪሎ ነው። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ወጥና ጥቂት ገንዘብ ነው፤ የሐይቁን ገበያ ግን አይተካም።

ኩሬው የሚሻውም ብዙ ነው። አፈሩ ሸክላማ ካልሆነ ውኃው ይሰርጋል። ቦታው ደጋ ከሆነ ቆሮሶ በብርድ አያድግም፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ እጅግ ይዘገያል። የዶሮ ወይም የከብት ፍግ በልክ ሲገባ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ዓሣውም ያን ይመገባል። ከልክ ሲያልፍ ግን ሌሊት አየር ያጥረዋል። ሊነጋ ሲል ዓሦቹ ከላይ ሆነው አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ፣ ፍጉን አቁማችሁ አዲስ ውኃ መጨመር ይገባል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርለት ያፋፋዋል፤ ዋጋው ግን ከዓሣው ዋጋ እንዳይበልጥ መመዘን አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ኩሬ የሚያበላሸው የቆሮሶ መብዛት ነው። ወንድና ሴት አብረው ከተተዉ፣ ገና ትንሽ ሳሉ መውለድ ይጀምራሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኩሬው እንደ ጣት በቀጠኑ ዓሦች ይሞላል፤ ገዢም አይገኝላቸውም። ቆፍረው ከተዉአቸው ኩሬዎች መካከል እንዲህ ሆነው ያየኋቸው አሉ፤ ዓሣ ሞልቷቸው ነበር፣ የሚበላ ግን አልነበረባቸውም። መድኃኒቱ ይታወቃል። ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማሳደግ፣ ወይም ጫጩቱን የሚበላ አምባዛ ጥቂት መጨመር፣ ወይም ትንንሹን እየለቀሙ ማውጣት ነው። ጫጩትና ምክር ለማግኘት የሰበታውን የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ ገንዘብ የምትሰጡ ጉባኤያትና በቦታው ያላችሁ ሠራተኞች፣ ከመስጠታችሁ በፊት አራት ጥያቄ እንድትጠይቁ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ዓሣው የሚወልደው የትና በየትኛው ወር ነው? ይህን ከሽማግሌ አሥጋሪዎች የሚሻል የሚያውቅ የለም። መልሱ ሳይታወቅ መረብ አይገዛ።

ሁለተኛ፣ በዚያ ወር መረቡ ከውኃ ሲወጣ ቤተሰቡ ምን ይበላል? ይህ የጥያቄዎቹ ሁሉ እምብርት ነው። ሥገራ የሚከለከልበት ጊዜ የሚከበረው ባዶ ሆድ ሳይኖር ነው። ለዚያ ወቅት የአትክልት ቦታ፣ ዶሮ ወይም ትንሽ የቁጠባ ሣጥን ካልተዘጋጀ፣ «አትሥገር» የሚለው ቃላችን በድሀው ላይ የተጫነ ሸክም ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ዛሬ ከሚያዘው ስንቱ ይበላሻል? ፀሐይ ላይ ውሎ የሸተተ ዓሣ በከንቱ የሞተ ዓሣ ነው። በረዶ፣ ጥላ ያለው ማረፊያ፣ ንጹሕ ጠረጴዛና ቋንጣ ማድረቂያ አንድ ዓሣ እንኳ ሳይጨመር ገቢውን ያሻሽላሉ። ብዙ ጊዜ ከአዲስ መረብ ይልቅ ይህ ይቀድማል። ዓሣውን በመገነጣጠልና በመሸጥ የሚደክሙት እናቶችም ድርሻቸውን ከዚህ ያገኛሉ።

አራተኛ፣ ደንቡን የሚያስከብር ማነው? የአሥጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ራሱ የመረቡን ዓይን ስፋት ወስኖ፣ ራሱ ካልጠበቀና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ካልደገፈው፣ የኛ ሪፖርት ያምራል እንጂ ሐይቁ አይድንም።

ወገኖች ሆይ፤ ለደጋፊዎቻችን የምንልከው ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ወጣቱ አዲስ መረብ ሲረከብ የሚያሳይ ነው። በክረምት ደረቅ ተሰቅሎ ስለ ቆየ መረብ የተነሣ ፎቶግራፍ የሚላክልን ዕለት፣ በእርሱም ልክ እንደዚያው ደስ እንዲለን እመኛለሁ። ያ መረብ የተሰቀለው በዚያ ሰሞን በወንዙ ውስጥ እናቲቱ እንድትወልድ ነውና። የሰጣችሁትን ሁሉ ጌታ ይባርክ፤ እኛንም የምንሰጠውን እንድንጠብቅ ያስችለን።