አስታማሚውን ከሕክምናው በር ውጭ አናቁመው
በሐዋሳ ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ውድ ሠልጣኞች፤

የትራማዶልና የመሰል የሕመም ማስታገሻዎች ሱስ በተነሳ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በእኛ በመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኃላፊነት ጥሎብናልና ወቀሳውን እንቀበላለን። ትራማዶል ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የለበትም። ባለሙያዎቻችን መድኃኒት ቤት ገብተው የማዘዣውን ወረቀት ከሽያጭ መዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል፤ በኮንትሮባንድ የሚመጣ ክኒን ደግሞ ደረሰኝም መዝገብም የለውም። ለወገብ ሕመም ታዞ የተረፈውን፣ እናት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ፍሬማ ማን ይቆጥረዋል? ከቤተሰቡ በቀር ማንም።

ክኒኑ ሲቋረጥበት ሱስ የያዘው ልጅ ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ሆዱ አልረጋ ይላል፣ እንቅልፍ ያጣል። እናት ወባ ይመስላታል። ነገሩ ሲገባት ጎረቤት እንዳይሰማ በሯን ትዘጋለች፤ ስቃዩን ማየት ሲያቅታት መግዣውን ራሷ ትሰጠዋለች። ጠበል የሚወስድ አለ፣ ጸሎት ቤት የሚወስድ አለ። ይህን አንነቅፍም፤ ሕክምናው ግን አይቋረጥ።

ጤና ተቋም ሲደርሱ ደግሞ «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» ይባላል። እኔ አጥብቄ የምጠይቃችሁ ይህ እንዲቀር ነው። ታካሚው እስከፈቀደ ድረስ አስታማሚው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወንበር ይሰጠው። ምክንያቱም ክኒኑን ለሳምንታት ያቆመ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን መቋቋም ይተዋል፤ በቀድሞው መጠን ከተመለሰ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። አንድ ክፍል አብሮት የሚያድር ወንድሙ ይህን ሳያውቅ እንዴት ይድረስለት? ትራማዶል ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፍ እንደሚችልም ይነገረው። ቤት ያለው ክኒን በማን እጅ፣ በየትኛው ቁልፍ እንደሚቀመጥ እዚያው ይወሰን።

ሥልጠናው የባለድርሻ አካላትን ቅንጅት እንደሚያጠናክርና የቤተሰብን ተሳትፎ እንደሚያሳድግ ሙሉ እምነቴ ነው። ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።